ቃሬዛ በር

ከባቡር ጣቢያው ቁልቁል ወርዳችሁ፣ የጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካውን አጥር ጨርሳችሁ ወንዙ ዳር ስትደርሱ ያለው ሰፈር ቃሬዛ በር ይባላል። ወያላው «ቃሬዛ በር፣ የሞላ!» እያለ ሲጣራ እንግዳ ሰው ይደነግጣል። ይባስ ብሎ አራት ሰዎች የተሰበረ ብረት በቃሬዛ ተሸክመው፣ አንገታቸውን ደፍተው በወንዙ ዳር ሲሄዱ ካየ ደግሞ ማን ሞተ ብሎ ነጠላውን ያዘቀዝቃል። የሞተ የለም። ወደ ቢያድግልኝ ቤተሰብ ብረት ማቅለጫ የሚሄድ ሥራ ነው። ስንት ክሬን ያለው ፋብሪካ እንኳ ብረቱን በመኪና እስከ ወንዙ ያመጣና ከዚያ ወዲያ በሰው ትከሻ ያስገባል፤ አለዚያ በሩ አይከፈትለትም።

የዚህን አመጣጥ ሽማግሌዎቻችንን ብትጠይቁ ይነግሯችኋል። ስትሰሙ ግን ልብ በሉ፤ «ተከለከሉ ይባላል»፣ «ተመለሱ ይባላል» ይላሉ እንጂ ማን እንደከለከለና ማን እንደመለሰ ከአፋቸው አይወጣም። ነፋስ የከለከላቸው ይመስላል። እኔ እንደዚያ ያለውን አነጋገር ስለማላውቅበት የሰማሁትን ከነባለቤቱ እናገራለሁ።

እንደሚነገረው አቶ ቢያድግልኝ ወደዚህ ከተማ የመጡት ፋብሪካው በተተከለ ሰሞን ነው። አያታቸውም አባታቸውም ብረት ቀጥቃጭ ነበሩ፤ እሳቸው ግን ማቅለጡንና በአሸዋ ቅርጽ ውስጥ ማፍሰሱን ተምረው ስለነበር በዋናው መንገድ ላይ፣ በሩ ወደ ገበያው የሚያይ ማቅለጫ ቤት ከፈቱ። የከተማው ሰው ማረሻውንም፣ የበሩን ማጠፊያም፣ የጋሪውን ብረትም እሳቸው ዘንድ ያሠራል፤ ያሠራውን ተሸክሞ ቤቱ ይገባና ልጆቹን «በዚያ ስታልፉ ፊታችሁን ሸፍኑ፣ ሰውዬው ቡዳ ነው» ይላል። አያፍርም እኮ። እድርም አላስገባቸውም። የእድሩ ዳኛ፣ የወፍጮ ቤቱ ባለቤት አቶ ደምመላሽ፣ ጥያቄያቸውን ስብሰባ እስኪደረግ እያሉ ሲያጓትቱባቸው ዓመታት አለፉ ይባላል።

በዚህ መካከል የአቶ ቢያድግልኝ ሚስት ወይዘሮ የውብዳር ታመው ሞቱ። ሰውዬው እስከዚያች ቀን ክፉ ቃል ወጥቷቸው አያውቅም ነበር። የፈለጉት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ሚስታቸው እንደ ሰው፣ በጎረቤት ትከሻ እንድትቀበር። አቶ ደምመላሽ ዘንድ ሄደው ቃሬዛና ተሸካሚ ለመኑ። አቶ ደምመላሽ ቃሬዛው ለአባል ብቻ ነው አሉ። እንግዲያው አባል ልሁን ሲሏቸው፣ ሬሳ ቤቱ አስተኝቶ እድር የሚገባ ሰው የለም ብለው መለሷቸው። ጥሩምባ አልተነፋም። አንዲት የጎረቤት ሴት እንኳ አልቅሳ ደጅ አልወጣችም፤ ይህን ያደረጉት የእኔም የእናንተም አያቶች ናቸው።

አቶ ቢያድግልኝ ብረት የሚያፈሱበትን የአሸዋ ሳጥን ሰብረው በእንጨቱ ቃሬዛ ሠሩ። ከሁለት ጎልማሳ ልጆቻቸውና ከሟቿ ወንድም ጋር ሆነው ተሸከሟት። ገበያው አፍ ላይ ሰዎች ዱላ ይዘው «በእኛ መካከል አታሳልፏትም» ስላሉ ወደ ኋላ ዞረው፣ የጓሮውን አጥር ጥሰው፣ በወንዙ ዳር ጭቃ ለጭቃ ወሰዷት። ከቀብር ሲመለሱ ሰውዬው ወደ ገበያው የሚያየውን በር በድንጋይ ደፈኑት፤ አጥሩን በጣሱበት በወንዙ በኩልም አዲስ በር አወጡ።

ክረምት ገባ። የአቶ ደምመላሽ ወፍጮ ቺንጋው የሚዞርበት ትልቁ የብረት መንኮራኩር፣ ፑሌጃው፣ ተሰነጠቀና ወፍጮው ቆመ። የወንዙ ሙላት ድልድዩን ወስዶት ስለነበር ከሌላ ከተማ ማስመጣት አልተቻለም፤ አገሩ ሁሉ ጥሬ ቆርጥሞ ሰነበተ። አቶ ደምመላሽ ፑሌጃውን በጋሪ አስጭነው ቢልኩ አቶ ቢያድግልኝ መለሱባቸው። በመጨረሻ ራሳቸው በወንዙ በኩል መጡ። አቶ ቢያድግልኝ በሩን ገርበብ አድርገው፣ አንቱታቸውን ሳይተዉ እንዲህ አሏቸው ይባላል፦

«ያቺን ቃሬዛ አላቃጠልኋትም። ይውሰዷትና ብረትዎን በእሷ ያምጡልኝ። ከፊት እርስዎ ይሸከሙ። ለእኔ ሚስት ትከሻ ያጣ እድር ለብረት አያጣም።»

አቶ ደምመላሽ ተሳድበው ሄዱ፤ ግን የራበው ከተማ መልሶ ገፋቸው። በማግስቱ ከሦስት የእድሩ ሹማምንት ጋር ፑሌጃውን ተሸክመው፣ በዝናብ እየወደቁ እየተነሡ በዚያው በጭቃው መንገድ መጡ። ከማዶ ልብስ የምታጥብ ሴት ቃሬዛውን አይታ ደነገጠችና ማን ሞተ ብላ ተጣራች። ተሸካሚዎቹ አንገታቸውን ደፍተው መንገዳቸውን ቀጠሉ። ከበሩ ላይ የመለሱላት አቶ ቢያድግልኝ ናቸው።

«የውብዳር ናት» አሏት። «ዛሬ ገና ተሸከሟት።»

ፑሌጃውን አፈሰሱላቸው፤ አሳምረውም አፈሰሱት። የእድሩ ሰዎች ነገሩ በዚህ ያለቀ መስሏቸው ከእንግዲህ አባል ነዎት ቢሏቸው ሰውዬው ፊታቸውን ወደ እሳታቸው መለሱ። ከዚያ ወዲህ ግን ብረት በቃሬዛ ካልመጣ እሳት አላነድም እንዳሉ ኖሩ፤ ልጆቻቸውም ያዙት። ከዓመታት በኋላ እሳቸው ሲያርፉ እድሩ ጥሩምባ አስነፋ፤ ከተማው ነቅሎ ወጥቶ ወንዙ ዳር ቆመ። ትልቁ ልጅ ወጣና ሕዝቡን ከዳር እስከ ዳር አየ። «ብረት ያመጣችሁ ግቡ፤ ሬሳው ሰው አለው» ብሎ በሩን ዘጋ። አባታቸውን ራሳቸው ቀበሩ።

ሽማግሌዎቻችን ወሬውን እዚህ ላይ ያቆሙና «እልኸኛ ዘር ነው» ብለው ራሳቸውን ይነቀንቃሉ። እኔ ግን የዛሬውን ልጨምር። አሁን ማቅለጫውን የምታስተዳድረው የአቶ ቢያድግልኝ የልጅ ልጅ ስመኝ ናት። በቀደም ባሏ ሲሞት እድራችን ማንም ሳይጠይቀው በገበያው በኩል፣ አያቷ በደፈኑት በር ፊት ለፊት ድንኳን ተከለ፣ ወንበር ደረደረ፣ ንፍሮ ቀቀለ። ነጠላችንን አዘቅዝቀን ሬሳው ይወጣል ብለን ጠበቅን። ፀሐይ አናታችን ላይ ስትደርስ ከማዶ የመጣ ሰው፣ በወንዙ በኩል ወስደው ከቀበሩት ቆይቷል አለን። ንፍሮውን እኛው ተካፍለን በላነውና ወደየቤታችን ገባን።