ከምጥ እስከ ሽበት

ባለሀብቱ አቶ ምንዳዬ በልደታቸው ድግስ የገዛ ራሳቸውን የሕይወት ታሪክ በሮክ ባንድ አስዘፈኑ፤ ዘፈኑ እስኪያልቅም ምሳ እንዳይቀርብ አዘዙ። አንዱ ክፍል አለቀ ሲባል ሌላው ይጀምራል፤ ጊታሩ ብቻውን ሲያላዝን የእንግዳው ሆድ ያጅበዋል። መልስ የማይቸግራት አንዲት ጎረቤታቸው ወንበሯ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት።

ጌትዬው ባንዱን አስቁመው ማይኩን ጨበጡና፣ “አንቺ፣ የእኔ ታሪክ እየተዘፈነ ትተኛለሽ? በይ ያመለጠሽን ለሰው ተናገሪ፤ አለዚያ ምሳ የለሽም” ብለው አፋጠጧት።

ሴትየዋ ዓይኗን እያሸች፣ “ምንም አላመለጠኝም፣ ጋሼ። እናትዎ ሲያምጡ ‘ማርያም፣ ማርያም’ ብዬ ነው የተኛሁት፤ ስነቃ ሸብተው አገኘሁዎት። በመሀሉ የሠሩት ነገር ካለ ይንገሩኝና ምሳው ይቅርብኝ” አለቻቸው።