ቁልቁለት የሞላው ባትሪ

ደጀን ላይ አንድ ሰው ጠዋት በቀናው ነገር እስከ ማታ ድረስ ሲኩራራ ከታየ፣ ከሽማግሌዎቹ አንዱ ሳቅ ብሎ ጣል የሚያደርጋት አባባል አለች። መነሻዋም ይህ ነው።

ይታየው የሚባል የአዲስ አበባ ልጅ የደጀኗን ውድነሽን ወደደና፣ ሦስት ሽማግሌዎች በአዲሷ የኤሌክትሪክ መኪናው ጭኖ ሊያስጠይቅ ተነሳ። በየማደያው በነዳጅ ሰልፍ አጠገብ ባለፈ ቁጥር ጥሩምባ ይነፋ ነበር፤ ጉረኛ ቢጤ ነው።

ጎሐ ጽዮን ሲደርሱ ባትሪው ከመቶ አሥራ ዘጠኝ ቀርቶታል። የሽማግሌዎቹ አውራ ጋሽ ዳምጤ፣ በልጅነታቸው የአባይን በረሃ ከአባታቸው ጋር በበቅሎ የተሻገሩ ናቸውና፣ ቁርስ እየበላን ሁለት ሰዓት ያህል ይሰካ አሉ። በቅሎም ብትሆን በረሃ ከመውረዷ በፊት ገብስ ትቀምሳለች ባይ ናቸው። የውድነሽ አባት አቶ ይበልጣል ግን ቀጠሮ የሚያሳልፍ ሰው አይወዱም፤ ቀጠሮው ደግሞ ስድስት ሰዓት ነው።

«አያስቡ ጋሼ፣ ይቺ ቁልቁለት ስትወርድ ራሷን በራሷ ትሞላለች» አለ ይታየው።

እውነትም ሞላች። ቁጥሩ ሃያ፣ ሃያ ሁለት እያለ የአባይ ድልድይ ላይ ሃያ አምስት ገባ። ሽማግሌዎቹ አጃኢብ አሉ። ይታየውማ ማቀዝቀዣውን ከፈተ፣ ዘፈኑን ከፍ አደረገ፣ ነዳጅ ድሮ ቀረ ብሎ ፎከረ። ጋሽ ዳምጤ ብቻ ሽቅብ ዳገቱን ያዩ ነበር።

ዳገቱ ያቺን ትርፍ በጥቂት መታጠፊያ ጠጣትና የቀረውንም መጠጣት ያዘ። ደጀን ለመግባት ሰባት ኪሎ ሜትር ሲቀር መኪናዋ ጥግ ይዛ ቆመች። የሚያልፈው መኪና ሁሉ ጢም ብሎ የሞላ ስለነበር ሽማግሌዎቹ በዚያ ፀሐይ በእግራቸው ወጡት፤ ይታየው አንገቱን ደፍቶ ከኋላ ከኋላቸው።

አቶ ይበልጣል ቤት የደረሱት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ነው። ደንቡ፣ ሽማግሌ መልስ እስኪያገኝ አይቀመጥም። ጋሽ ዳምጤ «ልጅዎን ለልጃችን» ብለው ሳይጨርሱ ጉልበታቸው ከዳቸውና አግዳሚው ላይ ዘጭ አሉ፤ ሁለቱም ተከተሏቸው። በአጥሩ ስንጥቅ የሚያየው ይታየው ደሙ ደረቀ። ሳይፈቀድለት የተቀመጠ ሽማግሌ ጥያቄውን አፈረሰ ማለት ነው፤ ውድነሽ ከእጁ ወጣች።

አቶ ይበልጣል የሆነውን ሲሰሙ ሆዳቸውን ይዘው ሳቁ። ከዚያ ልጁን አስጠሩት።

«መኪናህን አልነቅፋትም፤ ደግ ናት። ዛሬ ግን ጥያቄ አልተጠየቀም፤ ያልተጠየቀ ደግሞ አይፈርስም። ከፋሲካ በኋላ ሽማግሌዎችህን ሳታደክም ተመለስ፤ ጎሐ ጽዮን ላይም ጋሽ ዳምጤን ስማ፣ የቁልቁለት ስንቅ ዳገት አያወጣም።»