ምንጫችን

አንድ ሰው ነበረ። ስለ ልጅህ ስም ጠይቀኸኛልና ጆሮህን ስጠኝ። ሰውየው ገበሬ ነው፤ ከቤቱ በታች አገሬው ሁሉ የሚቀዳው ምንጭ ነበረ። አንድ ባለጸጋ መጣና ምንጩን በእሾህ አጠረው። ገበሬው ከሰሰ። ሽማግሌዎቹ ግን የባለጸጋውን ጮማ ቆርጠው፣ ጠጁን ጠጥተው ነበርና «ምንጩ የሱ ነው» ብለው ፈረዱ። ከዚያ ምንጭ ጠጥቶ ያደገ መንደርተኛ ሁሉ ከንፈሩን መጠጠ እንጂ አልመሰከረም። ምን ዓይነት ሰው ነው!

የገበሬው ሚስት እርጉዝ ነበረች። ውሃ ፍለጋ ቆላ ወርዳ ስትመለስ፣ እንስራ እንዳዘለች መንገድ ላይ ምጥ ያዛት፤ ሴት ልጅ ወለደች። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚያችን ልጅ ስም ያወጣው ግን ቁጭት ነው። አባቷ «ምንጫችን» አላት። የጠራት ሁሉ ሳይወድ በግዱ እንዲመሰክርለት ነው። በባለጸጋው ደጅ ባለፈ ቁጥር «ምንጫችን! ነይ!» እያለ ይጮህ ነበር።

ስሙ ለአፍ ጣፈጠ። ጎረቤቱም የራሱን ልጅ ምንጫችን አለ፤ ከወንዝ ማዶ ያለውም አለ። ገበሬው «አገሬው ነቃልኝ» ብሎ ተስፋ አደረገ። አጥሩን የነካ ግን የለም። ያ ሁሉ ምንጫችን እንስራ አዝሎ ቆላ ይወርዳል። የዓባይን ልጅ ውሃ ጠማው ማለት ይህ አይደል?

በመጨረሻ ባለጸጋውም የልጅ ልጁን ምንጫችን አላት፤ ለክርስትናዋ ደግሶ አገሩን ጠራ። ገበሬው ከድግሱ መሀል ተነሣ።

«ጌታዬ፣ የልጅቱን ስም ይንገሩን» አለ።

«ምንጫችን ናት» አለ ባለጸጋው እየሳቀ።

«በአፉ አመነ! ሰማችሁ? እማኝ ሁኑኝ!»

«የእኛ ማለት የቤቴ ነው፣ አንተ ሞኝ። አስቀምጡት!»

ድግስተኛው ሳቀ። ገበሬው መጥረቢያውን ይዞ ብቻውን ወደ አጥሩ ወረደ። የነዚያ ሁሉ ምንጫችኖች አባቶች እዚያው ነበሩ፤ እጃቸው ወጥ ነክቷልና አልተነሡም። ባለጸጋው «እሰሩት» ሲል ግን ተነሡ። ገመዱን ያቀበለው የአንዷ ምንጫችን አባት ነው።

ልጄ፣ «ወንዱን ልጄን ፍትሕ ልበለው ወይ?» ብለህ ጠየቅኸኝ። ስሙ ያምራል። ነገር ግን ጎረቤትህ ያቺ መበለት መሬቷን ስትነጠቅ፣ ከሸንጎው ጥግ ጋቢህን ተከናንበህ ዝም ስትል አይቼሃለሁ። መጀመሪያ ሂድና ያየኸውን ተናገርላት፤ ስሙን ከዚያ በኋላ ታወጣለታለህ። አለዚያ ልጅህን በጠራኸው ቁጥር የምትከሰው ራስህን ነው።