አያ ጅቦ የግንብ ከተማ የጎበኘ ዕለት

አንድ ጊዜ፣ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ እንዲህ ያለውን ወሬ ማውራት ለተከበረ ሰው እንደማይገባ እያወቅሁ ነው የምናገረው፣ አያ ጅቦ ባሕር ማዶ ለጉብኝት ሄደ። የሄደው ጣልያን አገር፣ ኮረብታ አናት ላይ ወዳለች፣ ዙሪያዋን በጥንት ግንብ ወደታጠረች ትንሽ የአህዮች ከተማ ነው። ያስጎበኘችው እመት ቀበሮ ናት። ከተማዋን ከዚያ በፊት አይታት አታውቅም፤ ግን «አላውቅም» ማለት ከዘሯ የለም። ጅብን አህዮች መሃል ማን አስገባው የሚል አንባቢ ካለ፣ ቪዛ ሲሰጠው ነዋሪ ላይበላ ምሎ ነው የገባው።

ቀበሮ ገና ከበሩ ሲያልፉ፣ ከተማው በሙሉ ሙዚየም እንደሆነ፣ ያለው ነገር ሁሉ ለጎብኚ ተብሎ የተቀመጠ እንደሆነ አስረዳችው። አያ ጅቦም አመናት። ግንቡ ላይ ተንጠላጥሎ ፎቶ ተነሣ፤ ሰፈሩ ከሚጠጣው ምንጭ ገብቶ እግሩን ታጠበ፤ የቤተ ክርስቲያን ደረጃ ላይ ተጋድሞ አጥንት ቆረጠመ። ጠባቡ መንገድ ድምፅ ያስተጋባል ሲባልም ጮኾ ሞከረው። ከዚያ የተከፈተ በር አየና ዘው አለ።

ውስጥ አንዲት አሮጊት አህያ ከታሰረ ጓዝ አጠገብ ፈዝዛ ቆማለች።

«ይቺ የጥንት አህያ ናት፤ ገለባ ጠቅጥቀው ነው ያቆሟት» አለች ቀበሮ።

ጅቦ ጆሮዋን ሳብ አደረገው። «ወይ ጥበብ፤ ትሞቃለች እኮ።»

«ጆሮዬን ልቀቅ፣ የኔ ልጅ» አለች አህያዋ።

ቀበሮ የግድግዳውን ድንጋይ እያደነቀች ወደ በሩ ማፈግፈግ ጀመረች።

አህያዋ እትዬ አሱንታ ትባላለች። ሳትቆጣ ነገረችው። የተወለደችው እዚሁ ቤት ነው፤ ለሰፈሩ ዳቦ የምትጋግረውም እሷ ናት። ጎረቤቶቿ ጫጫታውና ሳያስፈቅድ የሚገባው ጎብኚ ቢያስመርራቸው ቤታቸውን እየዘጉ ወደ ሜዳው ወርደዋል። እሷም ነገ ምድጃዋን አጥፍታ ልትከተላቸው ነው።

ጅቦ አሰበ። ሥራው ስላልሆነ ጊዜ ወሰደበት።

«ታዲያ ዳቦውን ማን ሊጋግር ነው፣ እትዬ?»

«ማንም።»

ይህን ጊዜ ነበር የደነገጠው። ድንጋይማ አገሩም ሞልቷል፤ የሚጋግር የሌለበትን ከተማ ምን ሊያደርገው ይመጣል?

«እናንተ አገር» አለች አሱንታ፣ «እንግዳ ሲመጣ እንዲህ ነው የሚገባው?»

ጅቦ ቀበሮን በጅራቷ ጎትቶ ወጣ። ደጅ ላይ ቆመ፣ ጉሮሮውን ጠረገ፣ በሕይወቱ አውጥቶት በማያውቀው ለስላሳ ድምፅ «ቤቶች» አለ።

ከውስጥ መልስ የለም።

«እንግባ እንጂ፤ ክፍት ነው እኮ» አለች ቀበሮ።

«ዝም በይ። ግቡ እስክንባል ነው።»

ቆሙ። ፀሐይዋ ከግንቡ ባሻገር ዘቀዘቀች። ቀበሮ እግሯን ቀያየረች፤ ጅቦ ግን ምራቁን እየዋጠ ከደጁ ንቅንቅ አላለም። በመጨረሻ አሱንታ ብቅ አለች። ክንዷ ድረስ ዱቄት ነክቷታል።

«ግቡ» አለች፣ «ግን ሊጡ ገና ኩፍ አላለም፤ ትጠብቃላችሁ። ነገ አልወርድም። ከነገ ወዲያ ደግሞ፣ የሚመጣውን እንግዳ አይቼ ነው።»

ከዚህ የምንማረው፣ የሰው አገር ስንጎበኝ እያንዳንዱ በር ባለቤት እንዳለው አውቀን፣ ክፍት ሆኖ ብናገኘው እንኳ «ግቡ» እስክንባል በትሕትና መቆም እንዳለብን ነው።

ይህን ግን አደራ፣ ለማንም አትድገሙት፤ ሥርዓት ያስተማረን ጅብ ነው ከተባለ የምንገባበት አገር አናገኝም።