ጎተራ ስር የኖረው እባብ

ተረት ተረት፤ የጎተራ ስር፣ የአይጥ በረት።

አንድ ግቢ ጠባቂ ውሻ ነበር። እሱ የሚያውቀው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የሚሸሽ ሁሉ ሌባ ነው።

በዚያው ግቢ ጎተራ ስር መርዝ የሌለው ቀጭን እባብ አይጥ እየበላ ይኖር ነበር። አንድ ረፋድ ፀሐይ ሊሞቅ ወጥቶ ውሻውን ሲያይ ደንግጦ ሮጠ። ውሻው ደረሰበትና ጅራቱን ረግጦ ያዘው።

«ጥፋት ከሌለብህ ለምን ትሸሻለህ?»

«ስለምፈራህ ነዋ!» አለ እባቡ።

«ኧረ ተወው! አይጡን የሚይዝልን እሱ ነው» ብላ የግቢው ዶሮ ጮኸች።

ውሻው አልሰማትም፤ እባቡን ቆርጥሞ ጣለው።

ወር ሳይሞላ ጎተራው በአይጥ ተወረረ። የአይጡን ሽታ ተከትላ ከግቢው የድንጋይ ካብ አጭር፣ ወፍራም እፉኝት መጣችና ጎተራው አጠገብ ተጠቅልላ ተኛች። ውሻው እየጮኸ ቀረባት። እሷ ንቅንቅ አላለችም።

«አንቺስ አትሸሺም?»

«ምን አጠፋሁና?» አለች እፉኝቷ።

ዶሮዋ ይህን ስትሰማ ጫጩቶቿን ሰብስባ ሸሸች።

«እንዲህ ነው እንጂ ንጹሕ!» አለ ውሻው፤ ጅራቱን እየቆላም ሊያሸታት አፍንጫውን አስጠጋ።

ተረቴን እዚህ ላይ መልሱልኝ፤ ያንን ግቢ ዛሬ የሚጠብቀው ሌላ ውሻ ነው።