ከጥሩንባ የሚሸሸው ንብ አናቢ

አንድ ንብ አናቢ ነበር፤ ስሙም ጓንጉል ይባላል። ማር ሲቆርጥ ንብ ቢነድፈው ቅንድቡ እንኳ አይነቃነቅም፤ የዕድር ጥሩንባ ሲሰማ ግን መድረሻ ያጣል። በዚያ መንደር ጥሩንባ ከተነፋ ሰው ሞቷል ማለት ነውና ወንድ ሁሉ አካፋና ዶማ ይዞ መቃብር ለመቆፈር ይወርዳል። ጓንጉል ደግሞ ሬሳ ሲፈራ ለጉድ ነው። ድምፁን እንደሰማ ይሮጥና ቀፎ የሰቀለበት ዋንዛ ዛፍ ላይ ወጥቶ ከቀፎዎቹ መካከል ይሸጎጣል። መንደርተኛውም አመሉን ስለሚያውቅ ስቆ ይተወዋል።

የሚስቱ የትጓደድ ጭንቀት ሌላ ነበር። ጎኗን አልፎ አልፎ ቀስፎ ይይዛታል። የጤና መድን እንግባ ብላ ስትወተውተው፣ «ምን ያጣድፍሻል? ሕመሙ የጠናብሽ ቀን ሄጄ እመዘገባለሁ» ይላታል። መድኑ እንደ ወፍጮ ቤት እህሉን ይዞ ለሄደ ሁሉ ሁልጊዜ ክፍት መስሎት ነበር።

አዝመራው ገብቶ ሰው እፎይ ባለበት በየካቲት አንድ ቀን ጥሩንባው ተነፋ። ጓንጉል እንደ ልማዱ ዛፉ ላይ ወጣ። ቁልቁል ሲመለከት ግን ነገሩ ግራ ገባው። አካፋ የያዘ አንድም ሰው የለም። ሴቶቹም ነጠላቸውን አላዘቀዘቁም፤ ይልቁንም እየተሳሳቁ ወደ ቀበሌው ግቢ ይጎርፋሉ። ጥሩንባ ነፊው አያ ይመር በዛፉ ሥር ሲያልፍ ጊዜ ጓንጉልን አላስቻለውም።

«አያ ይመር፣ ማን ሞቶ ነው?» አለ ከላይ ሆኖ።

«ማንም አልሞተም። የጤና መድን ምዝገባ ዛሬ ይዘጋል ብዬ ነው የምነፋው። አምናም ካቻምናም ነፍቼልህ ነበር፤ አንተ ግን እዚያው ላይ ነበርህ።»

ዛሬ ካመለጠ ደግሞ እስከሚመጣው አዝመራ እንደማይከፈት ነገረው። ጓንጉል ተከራከረ። ሰው በታመመ ጊዜ ካልገባበት ምኑ መድን ሆነ አለ።

አያ ይመር ቀና ብሎ አየውና «ለመሆኑ ሬሳ ቤቱ አስተኝቶ ዕድር ልግባ የሚል ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አለው።

ጓንጉልን የትጓደድ ጎን ትዝ አለው። ከዛፉ እንዴት እንደወረደ እሱም አያውቀው። የንብ ማጨሻውን ጥሎ፣ አጥር ዘሎ፣ ገና ያልተነቀለ የሰው ሽንብራ እየረገጠ ሮጠ። ዕድሜውን ሙሉ ከጥሩንባ ሲሸሽ የኖረ ሰው ወደ ጥሩንባው ሲሮጥ ያዩ ሁሉ «ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም» አሉ። መዝጋቢው በሩን ገርበብ ሲያደርግ ደርሶ ትከሻውን አስገባ። ራሱን፣ ሚስቱንና ልጆቹን አስመዘገበ። ቤቱ ሲደርስ ደስታው አላስቀምጠው ብሎ ትጓደድን አቅፎ አዞራት፤ እሷም ንብ ራሱን ነድፎት ነው እንጂ ጤናውስ አይደለም አለች።

ክረምቱ ሲቃረብ ያ ሕመም ትጓደድን መሬት ላይ ጣላት። ጎረቤት በቃሬዛ ተሸክሞ ሆስፒታል አደረሳት። የሐሞት ጠጠር ነበርና ሐኪሞቹ ቀደው አወጡት፤ የሕክምናውንም ወጪ መድኑ ሸፈነው። ትጓደድ በእግሯ እየተራመደች ቤቷ ስትገባ መንደሩ በእልልታ ቀለጠ።

ከዚያ ወዲህ ጓንጉል ጥሩንባ ሲሰማ የሚቀድመው የለም። መቃብር ሲሆን ፍርሃቱን ዋጥ አድርጎ አካፋውን ይዞ ይወርዳል። የምዝገባው ወቅት ሲደርስ ደግሞ ጥሩንባውን ከአያ ይመር ተቀብሎ ጉንጩ እስኪወጠር ራሱ ይነፋዋል።

ወዳጆቼ፣ መድን በጤና ቀን የሚገቡበት፣ በሕመም ቀን የሚጠለሉበት ቤት ነው። በሩ የሚከፈትበትና የሚዘጋበት ጊዜ አለው፤ ሕመም ግን ያንን ጊዜ ጠብቆ አይመጣም። እናንተስ በሩ መቼ እንደሚከፈት፣ መቼስ እንደሚዘጋ ጠይቃችኋል? ወይስ ገና ዛፉ ላይ ናችሁ?