ተከድና የጠበቀችው እንጀራ

አንዲት ወጣት ነበረች። የቢሮ ባልደረቦቿ ምሳ እንብላ ሲሏት፣ በጾሙም በፍስኩም፣ "እየጾምኩ ነው" ትላለች። "እንዴት ያለች ጾመኛ ናት!" ይሏታል። አያችሁ ወገኖቼ? አመሰገኗት እንጂ አልጠየቋትም።

ሲመሽ ቤቷ ገብታ በሩን ትቆልፋለች። ከዚያ ዳቦውን፣ ብስኩቱን፣ ያደረውን ፓስታ፣ ያገኘችውን ሁሉ ሆዷን እስኪያማት ትበላለች። ጣዕሙን ታውቀዋለች? አታውቀውም። ርቧት ነው? እሱ ብቻም አይደለም። ቀን የዋጠችው ጭንቀት አላስቀምጥ ይላታል። ከዚያ ታለቅሳለች፤ የዳቦና የብስኩቱን ላስቲክ ሁሉ በፌስታል ጠቅጥቃ ከአልጋ ሥር ትደብቃለች። "ከነገ ጀምሮ አልበላም" ትላለች። በማግሥቱም ያው ጾመኛ ናት።

ይህች ልጅ እኮ እንዲህ አልነበረችም። ልጅ ሳለች ከታላቅ እህቷ ከትርንጎ ጋር ከአንድ ትሪ ነበር የምትበላው። ያን ጊዜ እናንተም ታስታውሱታላችሁ! ከሥር የምትቀረው፣ ወጥ የጠጣችው እንጀራ ላይ ሲደርሱ ጠብ ነው። እናታቸው እየሳቀች ለሁለት ቆርሳ ታጎርሳቸዋለች። አንዷ ከሌለች ግን ያቺ እንጀራ አትነካም፤ ተከድና ትጠብቃለች። እንዴት ደስ የሚል ጊዜ ነበር!

አንድ እሑድ ትርንጎ ሳትናገር ከአገር ቤት መጣች። ነጠላ ጫማ ፍለጋ ከአልጋው ሥር እጇን ስትሰድ ፌስታሉ ወጣ።

"አትንኪው!" አለች ልጅቷ ፊቷን ሸፍና። "እትዬ፣ ማቆም አቃተኝ። ሆዳም ሆኛለሁ። ለማንም እንዳትነግሪብኝ።"

ትርንጎ ምን ያህል እንደበላች አልጠየቀቻትም።

"የኔ ዓለም፣ ከመቼ ጀምሮ ነው ብቻሽን የምትበዪው?" አለቻት። "ይሄ ሕመም ነው እንጂ ሆዳምነት አይደለም። ነገ ሐኪም ጋ አብረን እንሄዳለን። አሁን ደግሞ አብረን እንበላለን።"

ሽሮ ሠርታ አቀረበች። ልጅቷ ገና ሳትጎርስ እንባዋ መጣ። ትርንጎ አልቸኮለችም። በመጨረሻ ወጥ የጠጣችውን ቆርሳ አጎረሰቻት።

በዚያ ቀን ዳነች ወይ? አልዳነችም። ሐኪም ጋ ብዙ ተመላልሳለች፤ አገርሽቶባትም ያውቃል። በሩ ግን ከዚያ ወዲያ አልተቆለፈም።

ወገኖቼ፣ "ወፈርሽ"፣ "ከሳሽ" ማለቱን እናውቅበታለን። "ከማን ጋር ነው የምትበዪው?" ያልነው መቼ ነው? ጌታችን ማዕድ ላይ ተቀምጦ ማንን "አትቅረብ" አለ? ዛሬ ቤታችሁ ማዕድ ሲቀርብ ዙሪያችሁን እዩ። የጎደለች ልጅ ካለች፣ ተነሡና በሯን አንኳኩ።

አንቺም እዚህ መካከላችን የተቀመጥሽ ልጄ፣ አንገትሽን አትድፊ። ያቺ እንጀራ አልተነካችም። ነይ።